ከፏፏቴው ወደ ግራ

ማርች 6፣ ሰኞ

ጠዋት ሬናቶ ቢጋሊ ደወለ። የከተማው የቱሪዝም ማኅበር ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ስልክ ላይም ቢሆን ቆሞ ነው የሚያወራው።

«ዶቶሬ፣ አሥራ ሁለቱ ጉዞዎችህ መጽሐፍ ሊሆኑ ነው! ባለቀለም። የፊት ገጹ ላይ ስምህ፣ ከስምህ ሥር ባሕሩ።»

ዶክተር አይደለሁም። እዚህ መነጽር ያደረገ ሁሉ ዶቶሬ ነው።

አሥራ ሁለቱን ቀላል የእግር ጉዞዎች ጋዜጣው ላይ ያወጣኋቸው በ1991 ነው፤ በየቅዳሜው አንድ። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ በታጠፈ ወረቀት እያተመ ለበጋ እንግዶች ያድላቸዋል። አንድን ጉዞ «ቀላል» ለማለት ሦስት መመዘኛ ነበረኝ፦ ደረጃ አይኑረው፣ ጥላ ይኑረው፣ በየሦስት መቶ ሜትሩ መቀመጫ ይገኝ። ሜትሩን የለካሁት በገመድ ነው።

አንድ ነገር ግን አልጣመኝም። ሬናቶ ሁሉም እንደገና በእግር ተሄደው እንዲረጋገጡ ይፈልጋል፤ አረጋጋጭም መድቦልኛል።

«ኮሎምባ ሰርቫዴይ።»

«አዋላጇ?»

«ጡረታ ወጥታለች። አሁን የእግረኞች ማኅበር ነው የምትመራው። የሩጫ ሰዓትም አላት።»

ሜይ 22 ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል። አሥራ አንድ ሳምንት፣ አሥራ ሁለት ጉዞ። በቂ ነው።

ማርች 9፣ ሐሙስ

አንደኛውና ሁለተኛው ጉዞ አለቁ። ኮሎምባ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ በሁለት ትበልጣለች። የመንገዱ ጫፍ ላይ ምጥ የያዛት ሴት የምትጠብቃት ይመስል ነው የምትራመደው።

«ሃያ ሦስት ደቂቃ ብለህ ጽፈሃል። ሃያ ሦስት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ወሰደ።»

«አሥሩ ሰከንድ ውሻ ስትዳብሺ የባከነ ነው።»

«ውሻ የማይዳበስበት የእግር ጉዞ ማን ይሄዳል? አስተካክል።»

አላስተካከልኩም።

ማርች 14፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ሦስተኛው አልቋል፣ አራተኛው ግማሹ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የነበረው መቀመጫ ተነቅሏል፤ ይታረም። ካልሲዬ ርሷል። ኮሎምባ ጃንጥላ አትይዝም፤ «ስኳር አይደለሁም» ትላለች። ሰባተኛው መቼ ነው ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀች። ለምን ሰባተኛውን?

ማርች 19፣ እሑድ

እንደ ሁልጊዜው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኮርሶ ወጣሁ። እሑድ በዚያ ሰዓት በዋናው መንገዳችን መሄድ መሄድ አይደለም፤ ማስታወቂያ ነው። ማን ከማን ጋር እንደታረቀ፣ የማን ልጅ እንደከሳች፣ ማን አዲስ ጫማ እንደገዛ ሁሉ እዚያ ይነበባል። ለአርባ ዓመት ጋዜጣ ሠርቻለሁ፤ ኮርሶን ቀድመን ያወጣነው ዜና ከአምስት አይበልጥም።

ከላይኛው በር እስከ አደባባዩ የውኃ ፏፏቴ አራት መቶ ሃያ ሜትር ነው። ደርሶ መልሱ አንድ ዙር ይባላል። ከፏፏቴው ወደ ባሕሩ የሚያወርዱ መንገዶች ሁለት ናቸው፤ በግራ በዓሣ ተራ፣ በቀኝ መንገዱን በሸፈኑት የድንጋይ ቅስቶች ሥር። እኔ በግራ ነው የምወርደው። ሰባተኛው ጉዞም በግራ ነው የሚወርደው።

ዛሬ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፦

«እኚህ ሰውዬ ወደ ቀኝ ሲዞሩ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አንገታቸውን ያማቸዋል አሉ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ እኔ ሳልወለድ!»

አንገቴ ደህና ነው። በግራ የምሄደው ጥላ ስላለው ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጥላ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ልማድ ነው።

ማርች 28፣ ማክሰኞ

ሰባተኛው ጉዞ። በዝርዝር ልጻፈው፤ ኮሎምባ ነገ ለከተማው ሁሉ በራሷ አፍ ስለምታወራው አንድ ትክክለኛ ቅጂ መኖር አለበት።

ከላይኛው በር ተነሳን። ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ወደ ግራ ዞርኩ። ኮሎምባ ተከተለችኝ። ዓሣ ተራውን አልፈን ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች።

«…ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት። ዶቶሬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ተዳፋት።»

«ተዳፋት ጠርዝ አለው?»

«ያረጀ ተዳፋት ነው።»

«እንግዲህ አንተ አልክ። ጥላውስ የታለ?»

«በ1991 የዓሣ ነጋዴው ሸራ ነበር።»

«ስንት ሜትር ነበር ሸራው?»

«ሁለት።»

«ስለዚህ ያንተ እንግዳ ሁለት ሜትር ሸራ ሥር ቆሞ ዓሣ ያሸትታል፤ ከዚያ ሃያ ሁለት ደረጃ ይወርዳል። ቀላል ጉዞ!»

ከዚያ ሳታስፈቅደኝ ወደ ፏፏቴው ተመልሳ በቀኝ በኩል ብቻዋን ወረደች። የባሕሩ ዳር መቀመጫ ላይ ጠበቅኳት። በቀኝ ሰላሳ አንድ ደቂቃ፣ በግራ ሰላሳ አራት። በቀኝ ደረጃ የለም። ከቅስቶቹ ሥር ከላይ እስከ ታች ጥላ ነው። አራት መቀመጫ።

«በቀኝ በኩል ምን አለ?» አለችኝ፤ አሁን ከዚያ እንዳልመጣች ሁሉ።

«ጫማ ሠሪ።»

«ሌላስ?»

«ሰዓት ሠሪ።»

«ሌላስ?»

«ጀላቲ ቤት መሰለኝ።»

«መሰለኝ!» አለችና ሰዓቷን ኪሷ ከተተች።

ጀላቲ ቤቱ የኤርሲሊያ ፋቶሪ ነው። ባሏ ጓልቲዬሮ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ለመዝገቡ ያህል ነው።

ማርች 29፣ ረቡዕ

በ2004 አንድ የቬሮና ሰው ስለ ደረጃዎቹ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር። እናቱን በተሽከርካሪ ወንበር ይዞ መጥቶ። «ሐሳብዎ ለቀጣዩ እትም ይታያል» ብዬ መለስኩለት። ለቀጣዩ እትም አላየሁትም። ከዚያ በኋላ ላለውም።

ኤፕሪል 4፣ ማክሰኞ

ኔሎ ቡና ቤት። ኔሎ ከላይኛው በር ሥር ነው ያለው፤ ከተማው የሚለውን ሁሉ ብርጭቆ እየወለወለ ይሰማል። ኮሎምባ ማኪያቶዋን እያማሰለች፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደምታወራ ሁሉ፦

«የኤርሲሊያ የኪራይ ውል በጁን ያልቃል። ባለቤቱ ለስልክ ሻጭ ሊሰጠው ነው አሉ።»

«ያሳዝናል።»

«ምን ታድርግ? እንግዳው በሙሉ ወረቀቱን ይዞ በግራ ይወርዳል። መጽሐፉ በቀኝ ቢል ኖሮ ሰውዬው ውሉን ያድስላት ነበር። ግን እንግዲህ ጥላ…»

ኔሎ ብርጭቆውን መወልወል አቆመ።

ወሬ ከሁለት ሰው ሳይረጋገጥ አይታተምም፤ ይህን ለስንት ጀማሪ አስተምሬአለሁ። ሁለተኛዋ ምስክር ጀላቲ ቤቱ ውስጥ ናት። ለጊዜው ባንዷ እቆያለሁ።

ኤፕሪል 10፣ የፋሲካ ማግስት

ከተማው በእንግዳ ተጨናንቋል። ዓሣ ተራ ላይ አንድ ወጣት አባት የልጅ ጋሪ ይዞ ደረጃው አፍ ላይ ቆሟል፤ ባንድ እጁ ወረቀቴን። የጋሪውን እግር ያዝኩለት። ግማሽ ላይ ስንደርስ፦

«ይሄን የጻፈውን ሰውዬ ባገኘው!» አለ።

«ምን ታደርገው ነበር?»

«አሸክመው ነበር።»

ተሸክሜ ወረድኩ። ሕፃኑ መንገዱን ሙሉ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር።

ኤፕሪል 16፣ እሑድ

ኮርሶ አልወጣሁም። ጉንፋን ቢጤ።

ስለ 1979 በዚህ ደብተር ጽፌ አላውቅም፤ የሚጻፍ ነገር ስለሌለው። ግን ኮሎምባ የምታወራውን ሳስብ፣ እውነቱ በትክክል አንድ ቦታ ቢቀመጥ ይሻላል።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ጋዜጣው በገባሁ በሁለተኛው ዓመት። ከኤርሲሊያ ጋር ሦስት እሑድ ኮርሶ ላይ ሄድን። በመጀመሪያው እሑድ ጎን ለጎን፣ በመካከላችን አንድ ክንድ ያህል ትተን። በሁለተኛው አንድ ቆሎ ከረጢት ለሁለት። በሦስተኛው ክንዴን ያዘች። ሦስተኛው እሑድ ላይ ክንድ የያዘች ልጅ በአራተኛው ከኮርሶ ወደ እናቷ ቤት ይዛህ ትወጣለች። ይህን ማንም አልጻፈውም፤ ሁሉም ያውቀዋል። እናቷ ዶሮ አስገዝታ እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

በአራተኛው እሑድ ማዕበሉ የወደቡን ግድብ ሰበረው። ለጋዜጣው ወደ ወደብ ሄድኩ። ሥራ ነው። ኤርሲሊያ አረንጓዴ ኮቷን ለብሳ መጥታ ብቻዋን ሄደች። አራት ዙር። ከተማው በሙሉ ዳርና ዳር ቆሞ መንገድ ለቀቀላት፤ ማንም ደፍሮ አላናገራትም። አራተኛውን ዙር ጨርሳ ፏፏቴው ጋ ወረደችና ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረች።

በዓመቱ ጓልቲዬሮን አገባች። ጥሩ ሰው ነበር፤ ጀላቲውም ጥሩ ነው ይባላል።

ይኸው ነው። ግድቡ ተሰብሮ ነበር።

ኤፕሪል 21፣ ዓርብ

ስምንተኛውና ዘጠነኛው። እግረ መንገዴን ስለ ግድቡ ለኮሎምባ ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም።

ቀጥ ብላ ቆመች። እሷ ስትቆም አይቼ አላውቅም።

«ያ ማዕበል? እሑድ?»

«እሑድ።»

«የቤርቲ መንትዮች በዚያ ማዕበል ነው የተወለዱት። ጣሪያው ሲነቀል አንዱን ይዤ አልጋ ሥር ገብቻለሁ። ማክሰኞ ነው፣ ቱሊዮ።»

ዶቶሬ ሳትል በስሜ ስትጠራኝ ደስ አይለኝም።

ኤፕሪል 22፣ ቅዳሜ

የጋዜጣው ክምችት ክፍል ገባሁ። ኖቬምበር 1979። ግድቡ የተሰበረው ማክሰኞ፣ በ13 ቀን ነው። ዜናው የእኔ ነው፤ ስሜ አለበት። የማተሚያ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

በሦስት ገጽ ላይ የተደጋገመ የማተሚያ ስሕተት።

ኤፕሪል 30፣ እሑድ

ዛሬ ከፏፏቴው ወደ ቀኝ ዞርኩ። ሥራ ነው፤ ማረጋገጥ አለብኝ። እስከ ጫማ ሠሪው ደረስኩ። የጫማ ማሰሪያ ገዝቼ ተመለስኩ።

የማደርገው ጫማ ማሰሪያ የለውም።

ሜይ 5፣ ዓርብ

እስከ ሰዓት ሠሪው። ሰዓቴን ፈትቼ ሰጠሁት።

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ ምን ልሥራው?»

«እየው።»

ሰዓት ሠሪው አየው። ከዚያ በመስታወቱ በኩል ሦስት በር አልፎ ያለውን የጀላቲ ቤት አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። «ማክሰኞ ይምጡ፤» አለ፤ «እስከዚያ ምንም እንዳይሆን እጠብቀዋለሁ።»

ሜይ 12፣ ዓርብ

ሬናቶ ሦስት ጊዜ ደወለ። አሥራ አንዱ ደርሰውታል። ሰባተኛው የታለ? ነገ አልኩ። ነገ ቅዳሜ ነው አለ። ሰኞ አልኩ። ገጽ ባዶ ይዘው ነው የሚጠብቁኝ። ሰዓት የለኝም፤ ሰዓት ሠሪው ጋ ነው። በሃያ ሁለት ደረጃ ወርጄ መጣሁ። ጉልበቴ።

ሜይ 16፣ ማክሰኞ

ሰዓቴን ከቀጠሮው አንድ ሳምንት ዘግይቼ ወሰድኩ። ከሰዓት ሠሪው ስወጣ ሁለት አቅጣጫ ነበረኝ፤ ወደ ላይ ፏፏቴው፣ ወደ ታች ጀላቲ ቤቱ። ሰዓት ሠሪው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እሱ ፊት ወደ ላይ መመለስ አልቻልኩም።

ገባሁ። ሰው አልነበረም። ኤርሲሊያ መዛቂያዎቹን እያጠበች ነበር። በዚህች ትንሽ ከተማ አንድን ሰው አርባ አራት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት አለማየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፀጉሯን ነጭ አድርጋ ትታዋለች። ዓይኗ እንዳለ ነው።

«ምን ልታዘዝ?» አለች፤ ለእንግዳ እንደምትለው።

«ሎሚ።»

ሰጠችኝና፦ «አንገትዎ ተሻለዎት?»

«አንገቴን አሞኝ አያውቅም።»

«ጉድ ነው። ጓልቲዬሮ ነፍሱን ይማረውና ሃያ ስድስት በጋ ሙሉ ‹ያ ጋዜጠኛ ምን አድርገነው ነው እንግዳውን በግራ የሚነዳብን?› ይለኝ ነበር። ምን ልበለው? አንገቱን ያመዋል፣ ወደ ቀኝ አይዞርለትም አልኩት። ከተማው ይዞት ቀረ።»

ለሠላሳ ዓመት አንገቴን ያሳመመችኝ እሷ ናት ለካ።

«ሱቁ ሊዘጋ ነው ሲባል ሰምቼ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«የትኛው ሱቅ?»

«ይሄ።»

ሳቀች። ሙሉ ሳቅ ነው፤ መዛቂያዎቹ ተንኳኩ። «ማርች ላይ ለስድስት ዓመት ፈርሜአለሁ። ማን ነው የነገረዎት?»

የነገረንን ሰው ስም አናወጣም።

«ኮሎምባ ናት» አለች ራሷ። «በሉ እንግዲህ፣ ሱቁ አይዘጋም። የመጡበት ጉዳይ አለቀ። ደህና ይዋሉ።»

ሎሚው ጣቶቼ መካከል እየቀለጠ ነበር። መውጣት እችል ነበር፤ በሩ ክፍት ነው። ግን ማመካኛ ይዞ የገባ ሰው ማመካኛው ሲወሰድበት አፉን አይቆጣጠርም።

«ኤርሲሊያ፣ ያን ዕለት… አራት ዙር ብቻሽን…»

መዛቂያውን አስቀመጠች።

«አራት መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«ሰው ሁሉ የሚያውቀው ብቻዬን መሄዴን ነው። አንዱ ሁለት ይላል፣ ሌላው አሥር ይላል። ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም። የቆጠርኩት እኔ ነኝ።» ጠረጴዛውን ዞራ መጣች። «አንተ ወደብ አልነበርክም?»

አርባ ዓመት ሰው ስጠይቅ ኖሬ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም።

«የጋዜጣው ቢሮ ውስጥ ነበርኩ» አልኩ። «ኮርሶ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ። መጋረጃው ኋላ።»

«እሑድ ዝግ ነበር።»

«ቁልፍ ነበረኝ። ኮቴን ለብሼ ነበር፤ ጫማዬን አስጠርጌ ነበር። አንደኛውን ዙር ስትሄጂ አሁን እወርዳለሁ አልኩ። ሁለተኛውን ስትሄጂ ዘግይቼ ነበር። በሦስተኛው ምን ብዬ ልወርድ? በአራተኛው ሰው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር።»

«እናቴ ዶሮ አሠርታ ነበር።»

«ሰምቻለሁ።»

አንዲት ሴትዮ ልትገባ ፊታችንን አይታ ተመለሰች።

«መስኮቱ አለ አሁንም?»

«የጥርስ ሐኪም ቤት ሆኗል።»

«አውቃለሁ፤ የላይኛውን ጥርሴን የሠራልኝ እሱ ነው። ቁልፍ አይከለክለኝም።» ጣቷን አነሳች። «እሑድ አሥራ ሁለት ሰዓት። ኮትህን ልበስ። አራት ዙር፣ ብቻህን፣ በመካከል። ዳር ዳሩን ስትለጠፍ ካየሁህ አይቆጠርም። መጽሐፍህ ቀኝ ይበል ግራ ይበል ከዚያ በኋላ ነው የምንነጋገረው።»

«እምቢ ብልስ?»

«ደረጃውን መውረድህን ትቀጥላለሃ። ቀላል ጉዞ ነው።»

ሜይ 18፣ ሐሙስ

ኮሎምባን ባሕሩ ዳር አገኘኋት።

«ዋሸሽኝ።»

«ዋሸሁህ።»

«ጋዜጠኛን!»

«አርባ አንድ ዓመት አዋልጃለሁ። የዘገየውን ቁጭ ብለህ አትጠብቀውም፤ ትገፋዋለህ። ያንተማ ጥርስ አብቅሎ፣ ጥርሱም ረግፎ ነው የወጣው።»

«ለማንም እንዳትነግሪ።»

«እኔ?» አለች። በጣም የተጎዳች መሰለች።

ሜይ 20፣ ቅዳሜ

ኔሎ ቡናዬን ሲያቀርብ ጎንበስ ብሎ፦ «ዶቶሬ፣ ነገ ውጭ ወንበር ልጨምር?»

«ለምን?»

«እንዲያው። ሰው ሊበዛ ይችላል።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። የጥርስ ሐኪሙ።»

ለሬናቶ ደወልኩ። ሰባተኛውን ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት አልኩት። ቀኝም ግራም አላልኩም። ገጹ ባዶ ነው።

የአየር ትንበያ፦ ፀሐይ። ሌላ ጣቢያ ሞከርኩ። ፀሐይ።

ሜይ 21፣ እሑድ

አሁን ገባሁ። ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ከላይኛው በር ተነሳሁ። ሰማያዊ የሱፍ ኮት፤ በዚህ ሙቀት። ኔሎ አሥራ አራት ወንበር ጨምሯል፤ ቆጥሬአቸዋለሁ። ሁሉም ተይዘዋል። ሰዓት ሠሪው በፊተኛው ረድፍ ነበር። ኮሎምባ ሰዓቷን ይዛ ነበር።

አንደኛው ዙር ቀላል ነው። ሰው ሰላም ይልሃል፣ ባርኔጣህን ታነሳለህ። የከበደኝ እጄ ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም። ኪሴ ከተትኩት፣ አወጣሁት፣ ከኋላ አጣመርኩት። የትም አይሆንም።

በሁለተኛው ሰላምታው ቆመ። ሰው ገባው። ሁለት ወጣቶች ግድግዳው ጋ፦

«ምን ጠፍቷቸው ነው?»

«ዝም በል፤ ዕዳ እየከፈሉ ነው።»

ሦስተኛው ላይ መሀሉን ለቀቁልኝ። መንገድ እንዲህ ሲከፈትልህ አክብሮት ይመስላል፤ ከውስጥ ሲታይ ግን ሌላ ነው። ያኔ ከላይ ሆኜ ሳያት «ኮርታ ትሄዳለች» ብዬ አስቤ ነበር። መኩራት አልነበረም። አንገትህን ቀና ካላደረግህ ዓይንህ የሰው ዓይን ላይ ይወድቃል፤ እሱ ነው። ይህን እያሰብኩ የኔሎን ወንበር መታሁና ልወድቅ ደረስኩ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ እመርጥ ነበር።

በአራተኛው ወደ መስኮቱ ቀና አልኩ። ሁለተኛ ፎቅ። መጋረጃው ወርዷል። ከታች ሆኖ ለሚያይ መጋረጃ መጋረጃ ብቻ ነው፤ ኋላው ሰው ይኑር አይኑር አይታወቅም። ይህንን አላውቅም ነበር።

ጨርሼ ላይኛው በር ጋ ቆምኩ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። የጥርስ ሐኪሙ በር ተከፈተ፤ ኤርሲሊያ ወጣች። ሽርጥ አላደረገችም። ሕዝቡ ሁሉ ድንገት ስለ እግር ኳስ ማውራት ጀመረ።

«አንደኛውን አየሁ» አለችኝ። «እጅህን ብታስረው ይሻልህ ነበር። ሁለተኛውን አየሁ። ሦስተኛው ላይ ወንበር መታህ።»

«አራተኛውስ?»

«አራተኛውን አላየሁም።»

«እንዴት አላየሽም?»

«ሐኪሙ ከመጣሽ አይቀር ብሎ አፌን አስከፈተኝ።»

«ኤርሲሊያ፣ አራት ሄጃለሁ። ከተማው በሙሉ ምስክር ነው።»

«ከተማውማ አንዱ ሁለት ይላል፣ ሌላው አሥር።»

«ታዲያ ልድገመው?»

«ድገመው። ይሄኛውን ከቅርብ ልየው።»

ከጎኔ ገባች። በመካከላችን አንድ ክንድ ያህል ቦታ ተወች፤ እኔም አልነካሁትም። ቀስ ብለን ወረድን። ስለ ጓልቲዬሮ አወራችኝ፤ ሎሚው የእሱ ሥራ እንደሆነ፣ ስኳር እንደሚያበዛ፣ እሷም እሱ ዞር ሲል እንደምትቀንስ። እጄ ራሱ ቦታውን አገኘ።

ፏፏቴው ጋ ቆመች።

«ገጹ ላይ ምን ጻፍክ?»

«ባዶ ነው።»

«ወደ ቀኝ በል። ደረጃ የለውም በል። ጥላ አለው በል። ስሜን እንዳትጽፍ።»

«ጀላቲውንስ?»

ትንሽ አሰበች። «‹ጥሩ ነው ይባላል› ብለህ እንዳትጽፍ። ያልቀመስከውን አትጻፍ። ያን ቀን ሎሚውን እጅህ ላይ ነው ያቀለጥከው፤ አይቻለሁ።»

ዞረን ወደ ላይ ወጣን። የኔሎ ደጃፍ ስንደርስ ወንበር ሁሉ ዝም አለ። ኔሎ ብቻ አላስቻለውም፤ ከበሩ ሆኖ ጮኸ፦

«ዶቶሬ፣ ይሄ እኮ አምስተኛ ነው!»

«ለሱ አምስተኛው ነው» አለች ኤርሲሊያ፣ ዞር ሳትል። «ለኔ ገና አንደኛዬ።»